ለማሳያ የቆመው ቴሌቪዥን ዕድሜው ስንት ነው?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጥንታዊው ገዳሟ በምትታወቀው በመርጡለ ማርያም፣ እንዲሁም በጎረቤቶቿ በሞጣና በቢቸና፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ቴሌቪዥኑ ደኅና መሥራቱን ለገበያተኛው የሚያሳየው አንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ በማብራት ነው። ሌሎቹ እንደታሸጉ ይሸጣሉ፤ ይህ አንዱ ግን መደርደሪያው ላይ ቆሞ ለወንድሞቹ ምስክር ሆኖ ይከርማል። የታሸጉት ሲያልቁ ወይም አዲስ ሞዴል ሲመጣ ተራው የእርሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ነጋዴው፣ «ጋሼ፣ ይህኛው ለማሳያ የቆመ ስለሆነ ቀንሰን እንሰጥዎታለን» ይላል። ገዢውም ያመነታል።

ጉዳዩ ለነጋዴው የአንድ ዕቃ ጉዳይ ነው። ጤፉን ሸጦ ለቤቱ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ለሚገዛ ገበሬ ወይም ዕቁብ ደርሶት ማቀዝቀዣ ለሚገዛ መምህር ግን የዓመት ልፋት ጉዳይ ነው። ይህን ያህል የከበደ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዓይን ብቻ ነው። አንዱ፣ «አልተጫረ፣ ይበራል፣ ምን ጎደለው?» ብሎ ይገዛል። ሌላው፣ «ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ አልገዛም» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ስለ ዕቃው ትክክለኛ ዕድሜ የሚያውቁት ነገር የለም። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እርጅና የሚለካው በመልኩ ሳይሆን በሠራባቸው ሰዓቶች፣ በኖረበት ሙቀትና በተቀበለው ኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። እነዚህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስና ሒሳብ ገምቶ ወደ ብር መለወጥ እንደሚቻል በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

የሱቅ አንድ ዓመት፣ የቤት ሁለት ዓመት

እስቲ ከሰዓቱ እንጀምር። አንድ ሱቅ ቴሌቪዥኑን በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ያበራዋል እንበል። ዕቃው በአንድ ዓመት ውስጥ 3000 ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። በቤት ውስጥ በቀን 4 ሰዓት የሚታይ ቴሌቪዥን በዓመት የሚሠራው 1460 ሰዓት ነው። ስለዚህ በሱቅ አንድ ዓመት የቆመ ቴሌቪዥን፣ በቤት ሁለት ዓመት ያገለገለውን ያህል አርጅቷል። በአንጻሩ ሁለት ወር ብቻ፣ ያውም 50 ቀን ያህል የበራው 500 ሰዓት ነው የሠራው፤ ይህ በቤት አጠቃቀም አራት ወር ያህል ነው። «ለማሳያ የቆመ» የሚለው አንድ ስም ሁለቱንም ይጠራቸዋል፤ ዕድሜያቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

እነዚህ ሰዓቶች በዕቃው ላይ ምን ይሠራሉ? ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ኤል ሲ ዲ የሚባሉ ናቸው። የኤል ሲ ዲ ገጽ በራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ከበስተኋላው የተደረደሩ መብራቶች የሚሰጡትን ብርሃን እንደ መስኮት መጋረጃ እየከፈተና እየዘጋ ምስል ይሠራል። ቀድሞ እነዚህ መብራቶች ቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንጎች ነበሩ፤ አሁን ኤል ኢ ዲ ናቸው። ኤል ኢ ዲ በአብዛኛው እንደ አሮጌው አምፖል በአንድ ቅጽበት አይቃጠልም፤ በዝግታ ይደበዝዛል። መሐንዲሶች ዕድሜውን የሚቆጥሩት ብርሃኑ በተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በግማሽ፣ እስኪቀንስ ባለው ጊዜ ነው።

ይህ የግማሽ ዕድሜ 40,000 ሰዓት ነው ብለን ብናስብ፣ በራዲዮአክቲቭ ትምህርት የምናውቀው ቀመር እዚህም ያገለግለናል። ከ3000 ሰዓት በኋላ የሚቀረው ብርሃን 0.5 በ3000/40,000 ኃይል ሲነሣ የሚገኘው፣ ማለትም 95 በመቶ ገደማ ነው። የ5 በመቶ ቅናሽ በዓይን አይለይም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ብዙ ቴሌቪዥኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ አገልግሎታቸው ለቤት ነው ወይስ ለሱቅ ብለው ይጠይቃሉ። ለሱቅ ከተባሉ መብራታቸውን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ያወጡታል፤ በፀሐያማ ደጅ ፊት አላፊ አግዳሚውን የሚጠሩት በዚህ ነው። ከፍ ያለ ብርሃን ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ፍሰትና ሙቀት ይጠይቃል። በዚህ የተነሣ የግማሽ ዕድሜው ወደ 20,000 ሰዓት ቢወርድ የቀረው ብርሃን 90 በመቶ ይሆናል። ሰዓቱ ያው ሆኖ ጉዳቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ምስልን በራሳቸው ብርሃን የሚሠሩ ገጾች ግን ሌላ ችግር አላቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የሳተላይት ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰጠት ሲጀምር በየክፍሉ የተተከሉትን ስክሪኖች ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ፕላዝማ» እያሉ ያስታውሷቸዋል። በፕላዝማ ገጽ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን የምታመነጭ በመሆኗ ብዙ የሠራችው ነጥብ ከጎረቤቷ ቀድማ ትደክማለች። አንድ ዓርማ ወይም ጽሑፍ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ ከታየ ጥላው ገጹ ላይ ይቀራል። የፕላዝማ ቴሌቪዥን ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ቢቆምም፣ ዛሬ ኦሌድ የሚባሉት ውድ ገጾች ይህንኑ ጠባይ ይጋራሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ሲያሳይ የኖረ የኦሌድ ማሳያ፣ የጣቢያው ዓርማ በሚቀመጥበት ማዕዘን ላይ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

በለጋነት የሚሞቱና በእርጅና የሚሞቱ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለማሳያ የቆመውን ዕቃ የሚከስ ነው። ለእርሱ የሚከራከርም ሳይንስ አለ። ብዙ ቁጥር ያላቸውን ተመሳሳይ ዕቃዎች ተከታትሎ በየጊዜው የሚበላሹትን መጠን በግራፍ የሚሥል ሰው፣ እንደ ገንዳ ሁለት ጠርዙ ከፍ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ መስመር ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የሚበላሹት ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ብየዳቸው የላላ ወይም ከፋብሪካ እንከን ይዘው የወጡ ናቸው። ከዚያ ረጅም የጸጥታ ዘመን ይከተላል። በመጨረሻ ክፍሎቻቸው ስለሚያረጁ ብልሽቱ እንደገና ይጨምራል።

በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ወራት ያለ ችግር የሠራ ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ጠርዝ ተሻግሯል። በካርቶን የታሸገው ወንድሙ ግን ገና ፈተናው ከፊቱ ነው። ስለዚህ «የተከፈተ ዕቃ ምን ጊዜም የባሰ ነው» የሚለው አባባል በሁሉም ቦታ አይሠራም። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል፤ የታሸገው በለጋነቱ ቢበላሽ ዋስትናው ይሸፍነዋል፤ ለማሳያ የቆመው ዋስትናው ካለቀ ወይም ካልተሰጠው የቀረው አደጋ በሙሉ በገዢው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ሙቀትና አቧራ

በቴሌቪዥን የኃይል ማከፋፈያ ክፍል ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ ጣሳ መሰል ነገሮች አሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳይ ቀመር አቅርቦ ነበር። ከዚያ በመነሣት መሐንዲሶች አንድ ቀላል ደንብ ይጠቀማሉ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት እንዲያገለግል የተሠራ ካፓሲተር በ75 ዲግሪ 16,000፣ በ65 ዲግሪ ደግሞ 32,000 ሰዓት ያገለግላል። የ10 ዲግሪ ልዩነት የብዙ ዓመት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር ይገባበታል። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ጥግግት ከባሕር ጠለል ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቴሌቪዥኑ የሚቀዘቅዘው በጀርባው ቀዳዳዎች በሚያልፈው አየር ስለሆነ ስስ አየር ሙቀቱን እንደ ወፍራሙ አይወስድለትም። በሌላ በኩል የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን ጉድለት ይክሳል። ስለዚህ ከከተማው ከፍታ ይልቅ ዕቃው በሱቁ ውስጥ የቆመበት ቦታ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው፣ ወይም ጀርባው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የኖረ ቴሌቪዥን ሰዓቱ ከሚነግረን በላይ አርጅቷል። በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ገብቶ በክፍሎቹ ላይ እንደ ጋቢ ይደረባል፤ እንደ ጋቢም ሙቀት ይይዛል። የፊቱን አቧራ ነጋዴው በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ገዢው ማየት ያለበት የጀርባውን ቀዳዳዎች ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ቅጽበት ግን ቮልቴጁ ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ ሊዘል ይችላል። በብዙ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ቫሪስተር የሚባል ክፍል ይህን ዝላይ ውጦ ሌሎቹን ያድናል፤ ነገር ግን በዋጠ ቁጥር ራሱ ይደክማል። ሱቁ ውስጥ ሲበራ የኖረው ቴሌቪዥን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይህን ሁሉ ተቀብሏል፤ በካርቶን ያለው ግን አንዱንም አላየም። ይህ ጉዳት በዓይን አይታይም። ስለዚህ ለነጋዴው መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ተጭሯል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የሚሠራው በስታቢላይዘር ነበር ወይስ በቀጥታ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታያል፤ የቴሌቪዥኑን ገመድ በዓይን ተከትሎ የት እንደተሰካ ማየት ይበቃል።

የቆመ ሁሉ አልሠራም

ለማሳያ ከሚቆሙት ዕቃዎች መካከል ማቀዝቀዣው የተለየ ነው። በብዙ ሱቆች ማቀዝቀዣ የሚቆመው ሳይሰካ ነው፤ መጭመቂያው አንድ ሰዓት እንኳ ላይሠራ ይችላል። የሚጎዳው በሩ ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ ስለሚከፍተውና ስለሚዘጋው ማጠፊያውና ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ይላላል። ይህን ለመመርመር አንድ የብር ኖት በበሩ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው። ኖቱ ያለ ተቃውሞ ከወጣ ላስቲኩ አየር ያስገባል፤ መጭመቂያውም ሌት ተቀን ይለፋል። በአራቱም ጎን መሞከር ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ተጋድሞ ተጭኖ ከመጣ፣ የመጭመቂያው ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ለተወሰኑ ሰዓቶች ቀጥ ብሎ ሳይሰካ መቆየት አለበት።

የድምፅ ማጉያ ደግሞ የቴሌቪዥን ብጤ ነው። በገበያ ቀን መንገዱን እንዲጣራ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ የዋለ ማጉያ፣ ሽቦ ጥቅሉ ግሎ፣ የወረቀት ገጹ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ባለ ድምፅ ወፍራም ዜማ አስከፍቶ መንኮሻኮሽ መኖሩን ማዳመጥ ይገባል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ዕቃ እየሠራ ነው የቆመው ወይስ ቆሞ ብቻ?» የሚለው ነው።

ቅናሹ ስንት መሆን አለበት?

አሁን ወደ ብር እንምጣ። ለስሌት እንዲመች የአዲሱን ዋጋ 100 እንበል፤ ቤተሰቡም ከቴሌቪዥኑ 20,000 ሰዓት አገልግሎት ይጠብቃል እንበል። ዕቃው 3000 ሰዓት ከሠራ ከሚሰጠው አገልግሎት 15 በመቶው በሱቁ አልቋል፤ ስለዚህ ከዋጋው 15 ይቀነሳል። ሪሞቱ ወይም እግሩ ከጎደለ ለመተኪያ 2 እንቀንስ። ዋስትና ከሌለው፣ በዋስትናው ዘመን ከ10 ዕቃ አንዱ ቢበላሽና ጥገናው ከማጓጓዣው ጋር 40 ቢያስወጣ፣ አማካይ ኪሳራው 40 ሲካፈል ለ10፣ ማለትም 4 ነው። በድምሩ 21 ይሆናል። ነጋዴው በ90 ቢሰጥ ገዢው ከስሯል፤ በ79 እኩል ናቸው፤ በ70 ገዢው ይጠቀማል። ዕቃው የሠራው 500 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን የአገልግሎት ቅናሹ 2.5፣ ድምሩ 8.5 ነው። ያን ጊዜ 90 ተገቢ ዋጋ ይሆናል። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ገዢ እንደ ሁኔታው ሊለውጣቸው ይችላል፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው።

ይሁንና በአማካይ ላይ ብቻ መደገፍ አይበቃም። አማካይ ብዙ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ይሠራል። 50 ቴሌቪዥን የሚሸጥ ነጋዴ አምስቱ ቢበላሹበት በቀሪዎቹ ትርፍ ይችለዋል። ቤተሰቡ ግን የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ለእርሱ 4 የሚባል ኪሳራ የለም፤ ወይ ምንም አይከስርም ወይም 40 ይከስራል። ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ጥናት እኩል የሆነ ገንዘብ ለድኻና ለሀብታም እኩል ክብደት እንደሌለው አስረድቷል። በመርጡለ ማርያም ዙሪያ ባለ የገጠር ቀበሌ ለሚኖር ሰው፣ የተበላሸ ቴሌቪዥን ወደ ሞጣ፣ ሲብስም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መላክ የጥገናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመኪናውንና የቀኑን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ገዢ ከስሌቱ በላይ ተጨማሪ ቅናሽ ወይም ከቅናሹ ይልቅ የጽሑፍ ዋስትና ቢጠይቅ ብልኅነት ነው። ትንሽ ቅናሽ ከረጅም ዋስትና ጋር፣ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ከትልቅ ቅናሽ ሊበልጥ ይችላል።

ካርቶኑም ዋጋ አለው። ከግማሽ ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ በ2 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም የሚያርፍበት ኃይል ከክብደቱ 250 እጥፍ ያህል ነው። ነጩ የማሸጊያ ፎም ተጨምቆ የመቆሚያውን ርቀት ወደ 3 ሴንቲሜትር ቢያራዝመው ኃይሉ ወደ 17 እጥፍ ይወርዳል። በመኪና፣ ከዚያም በሰው ሸክም ወይም በበቅሎ ለሚጓዝ የመስተዋት ገጽ ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ዋናው ካርቶን ከጠፋ የሌላውን መለመን፣ ያም ካልተገኘ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሳይጋደም እንዲቆም አድርጎ መጫን ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንድ ዕቃ አስቀድሞ ያገለገለ መሆኑን ለሸማቹ በትክክል አለመግለጽን ከልክሏል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ገዢው በግዢው ጊዜ አይቶ በተቀበለው ጉድለት በኋላ መክሰስ ይከብደዋል። ስለዚህ ለማሳያ የቆመ ዕቃ ሲገዛ የታወቁት ጉድለቶች፣ ቅናሹና የዋስትናው ዘመን በደረሰኙ ላይ ተለይተው ይጻፉ። ያልተጻፈው ሁሉ በኋላ መከራከሪያ ይሆናል።

በሱቁ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ምርመራው ከግማሽ ሰዓት በታች መሆን የለበትም። የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽ ዲስክና አንድ ጋቢ ነው።

1ኛ፣ በፍላሽ ዲስኩ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ሥዕሎች ተጭነው ይምጡ። በነጩ ላይ የደበዘዘ ጥግ፣ በቀለሞቹ ላይ የማይበራ ነጥብ፣ በሁሉም ላይ የቀረ ጥላ ይፈለግ።

2ኛ፣ ጥቁሩን ሥዕል ለማየት ሱቁ ብርሃናማ ስለሚሆን ገጹንና ራስን በጋቢ ሸፍኖ መመልከት ይቻላል። በጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ያኔ ይታያል።

3ኛ፣ ቴሌቪዥኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይብራ። ከዚያ ይጥፋ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይብራ። የደከመ ካፓሲተር ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በመዘግየትና በመርገብገብ ይገለጣል።

4ኛ፣ ሪሞቱ በሞባይል ካሜራ ፊት ይጫን። ዓይን የማያየው ታሕተ ቀይ ብርሃን በብዙ ካሜራዎች ላይ ብልጭ ሲል ይታያል።

5ኛ፣ በጀርባው ያለው መለያ ቁጥር በዋስትና ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፤ የሚቀበለው ቮልቴጅም 220ን የሚያካትት መሆኑ ይነበብ።

6ኛ፣ አንዳንድ ሞዴሎች የሠሩበትን ሰዓት በውስጣቸው ይመዘግባሉ። ይህን ምዝገባ ባለሙያ ቢያወጣው ይመረጣል፤ ያልለመደ ሰው ሌላ ነገር ሊያበላሽ ይችላል። ካልተገኘ ነጋዴው መቼ ከካርቶን እንዳወጣው ይጠየቅና በቀን 10 ሰዓት ሒሳብ ይታሰብ።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእነዚህ ስሌቶች አንዱም ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ውጭ አይደለም። የግማሽ ዕድሜን፣ ፕሮባቢሊቲን፣ የወደቀ አካል የሚያርፍበትን ኃይል በክፍል ውስጥ ሠርታችኋቸዋል። ወላጆቻችሁ ከአዝመራ በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲሄዱ ፍላሽ ዲስኩንና ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ከነጋዴው ጋር በዋጋ መከራከር የአባቶች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠይቆ የተገቢውን ዋጋ ቁጥር በወረቀት ላይ አስልቶ ማቅረብ ግን የእናንተ ሥራ ነው።